የይማም በሬና የጋለ እጅ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ምነው ድምፃችሁ እንዲህ ሳሳ? ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም ጥጥሽን ፍተይ፣ ጆሮሽን ግን ለእኔ ስጪኝ።

በድሮ ዘመን ይማም የሚባል የጨው ነጋዴ ነበር። ሚስቱ ጦይባ ትባላለች። ይማም ሰኞ ሰኞ ቆላ ገበያ ይወርድና አሞሌ ጨው ይገዛል። ከዚያም ደጋ ያወጣና ይሸጣል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠላቱ የገዛ ልቡ ነው። «ጨው ሊጠፋ ነው» ሲባል ይደነግጥና በውድ ይገዛል። «ጨው በዛ» ሲባል ደግሞ ይደነግጥና በርካሽ ይሸጣል። እንዲህ ሲል ሦስት ሰኞ በተከታታይ ከሰረና ሁለቱንም አህዮቹን ሸጦ ጨረሰ።

የቀረው አንድ በሬ ነው። ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ የሚያርስበት። ክረምቱ ደርሷል። ያ በሬ ከሄደ መሬቱም ጦም ያድራል፣ ልጆቹም ጦም ያድራሉ። ይማም ግን እልህ ያዘውና፣ በሬውን በጨው ለውጬ የከሰርኩትን ሁሉ በአንድ ገበያ እመልሳለሁ አለ።

ጦይባ አልጮኸችም። በዚያ ገበያ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ገዢና ሻጭ እጃቸውን ጋቢ ሥር ያስገቡና በጣት ይነጋገራሉ፤ አንድ ጣት ሲጨበጥ አሥር አሞሌ ማለት ነው። እሷም ጋቢ አመጣችና፣ እስቲ ተገበያየኝ አለችው። እጁን ያዘች። የከሰረውን ጨው አነሳችበት፤ እጁ ጋለ። የሚያገኘውን ትርፍ አነሳችለት፤ ይኸው እጅ አሁንም ጋለ።

ጦይባ፦ «አየህ? አፍህ ዝም ቢል እጅህ ያወራል። የገበያው ደላላ ሦስት ሰኞ የበላህ በዚህ ነው። በሬውን ውሰድ፣ አልከለክልህም። እጅህ ከጋለ ግን አውጣውና ወንዝ ወርደህ ታጠብ። እስኪበርድ ድረስ አትገበያይ።»

እሺ አለ። ማለላትም። እኔ ብሆን አላምነውም ነበር፤ እሷም አላመነችውም።

ገበያ ሲደርስ ሰው ይተራመሳል። የጨው መንገድ ተዘግቷል፣ ግመል አይመጣም ይባላል። ሰው ላሙን፣ ፍየሉን እየሰጠ ጨው ይሻማል። ደላላው ይማምን አየና ጋቢውን ዘረጋ። ሦስት ጣቱን ጨበጠው። ባለፈው ሰኞ ስልሳ አሞሌ ለሚያወጣ በሬ፣ ሠላሳ! ይማም መቆጣት ሲገባው ፈራ። አሁን ካልሰጠሁ ነገ ሃያም አላገኝ አለና እሺ ሊል ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ እጁ ሲግል ተሰማውና መንጭቆ አወጣው።

በሬውን እየጎተተ ወንዝ ወረደ። ሰዉም ሳቀበት። ይማም እጁን ታጠበ፣ ማዕዱ የታለ አሉ።

እጁ ገና ሳይበርድ ከማዶ ግመል ታየ። አንድ ግመል፣ አሥር ግመል፣ መቶ ግመል። ሁሉም ጨው ጭነዋል። ለካ የተዘጋ መንገድ የለም! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል? ላሙን የሰጠው ሁሉ ጨውን ታቅፎ ራሱን ያዘ። ከዚያም ደላላው ወንዝ ድረስ ሮጦ መጣና ጋቢውን ዘርግቶ ስምንት ጣት ጨበጠለት። ሰማንያ አሞሌ!

የይማም ልብ በደስታ ዘለለ። እጁም አብሮ ጋለ። ምን ያድርግ፣ ምሏል! እያዘነ እጁን መልሶ ውኃ ውስጥ ነከረ። በሬው አጠገቡ ይጠጣል። እጁ ሲበርድ ልቡም በረደና ማሰብ ጀመረ። አገሩ ሁሉ ጨው በጨው ሲሆን ይህን ማን ይገዛኛል? በምንስ አርሳለሁ? ለካ እዚህ ያመጣኝ ንግድ አይደለም፣ እልህ ነው አለ።

ይማም፦ «በሬው አይሸጥም።»

ደላላው እጁን ደግሞ ቢዳስሰው ቀዝቃዛ ነው። የሚይዝበት አጣና ሄደ።

ጦይባ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። አመሻሽ ላይ ዳገቱን ብታይ ባሏ ብቻውን ብቅ አለ። በሬውስ ሄደ አለች። ቀጥሎ ከኋላው ቀንድ ታየ። እፎይ አለችና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንጀቷ ራሰ። ከዚያም እልል አለች፣ እያለቀሰች እልል አለች። ጎረቤት ሮጦ መጣና፣ ምን አትርፎ ነው፣ ምን ይዞ መጣ ብሎ ጠየቃት።

ጦይባ፦ «ይዞት የሄደውን።»

በማግስቱ አረሱ።

ተረቴን ውሰዱና ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ የእኔን አፍ ግን በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦ የለም እንዳትሉኝ፣ ሌማቱን ሳይ ነው ያመሸሁት።