ሙሽራዋ፣ ፔጆዋና ክንድ የማትሞላው ጎማ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ ይቺኛዋ በረት የላትም፣ ጋራዥ ነው ያላት።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ምንትዋብ የምትባል ሙሽራ ነበረች። ቬሎዋን ለብሳ፣ ኩሏን ተኩላ፣ እጇን ሂና ተቀብታ ጨርሳለች። የቀራት አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ ከቤቷ በአባቷ ፔጆ መውጣት።

አባቷ ዘነበ የታክሲ ሹፌር ነበር። ምንትዋብ ገና ጭኑ ላይ ተቀምጣ መሪ ስትጨብጥ ጀምሮ «አንቺን የምድረው በዚችው መኪና ነው» ይላት ነበር። ሳይድራት ሞተ። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንስታ መንዳት ተማረች፤ በዚያችው አሮጌ ፔጆ የድሬን ሰው እያመላለሰች ልጇን አሳደገች። ሠርጉ ሲቃረብ የፔጆዋ ሞተር አረፈ፤ ጸጥ አለ። ዘመድ ሁሉ «ሌላ መኪና እንከራይ» ቢል ምንትዋብ «በአባቴ መኪና ካልሆነ ከደጄ አልወጣም» አለች። አለቀ! መካኒኩ ሸምሰዲን ከአሮጌ ቶዮታ የወጣ ሞተር አምጥቶ ፔጆዋ ውስጥ አስቀመጠ።

እናም በሠርጓ ጠዋት ምንትዋብ ቬሎዋን ሰብስባ ጎረቤት ወዳለው ጋራዥ ብቅ አለች።

«ሸምሱ፣ አለቀ?»

ሸምሰዲን ከመኪናዋ ሥር ጭንቅላቱን አወጣ። «አለቀ፤ ትንሽ ቀረ። የድሮው የቤንዚን ቱቦ ዝጎ ወንፊት ሆኗል፤ ከኋላ ከነዳጅ ጋኑ ጀምሬ አዲስ የብረት ቱቦ ዘርግቻለሁ። አሁን የቀረችኝ ቱቦውን ከሞተሩ የምታገናኝ፣ ክንድ የማትሞላ ጎማ ናት።»

«ብረቱን እስከ ሞተሩ አትወስደውም?»

«አቦ፣ ሞተር እኮ ይንቀጠቀጣል! ብረት ካሰርኩበት ይሰነጠቃል።»

«ታዲያ ከጓሮ የውሃ ጎማ ልቁረጥልሃ!»

«የውሃ ጎማ ቤንዚን ይበላዋል። ትኩስ ሞተር ላይ ሲያንጠባጥብ፣ አንቺ ሙሽራ ነሽ ወይስ ችቦ? ቤንዚን የሚችል ጎማ ሐጂ ነስሮ ሱቅ አለ። ሌላው መለዋወጫ ቤት ሁሉ ዛሬ ዝግ ነው። ሩጪ!»

ጎማው ካልመጣ ቤንዚኑ አይደርስ፣ ቤንዚኑ ካልደረሰ ሞተሩ አይነሳ፣ ሞተሩ ካልተነሳ ሙሽራዋ አትወጣ! ምንትዋብ ቬሎዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ሮጠች።

ሐጂ ነስሮ ሲያዩዋት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ማሻአላህ! ሙሽራዬ፣ ምን ልስጥሽ?»

«የቤንዚን ጎማ ይስጡኝ ሐጂ!»

«ያውልሽ!» አሉ ወደ ላይ እያሳዩ። ጎማው ጣሪያው ሥር፣ እንደ እባብ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። «መሰላሌን ግን ኪሮስ ሠዓሊው ወስዶታል። ወንበር ላይ እንዳልወጣ፣ ባለፈው ወጥቼ ጉልበቴ ምን እንዳደረገኝ እኔ ነኝ የማውቀው። መሰላሉን አምጪ፣ ጎማውን ውሰጂ።»

መሰላሉ ካልመጣ ጎማው አይወርድ፣ ጎማው ካልወረደ ቤንዚኑ አይደርስ፣ ቤንዚኑ ካልደረሰ ሞተሩ አይነሳ፣ ሞተሩ ካልተነሳ ሙሽራዋ አትወጣ! ምንትዋብ ሮጠች። ያየ ሁሉ እልል ይላል፤ መሰላል የያዘ ግን አንድም የለም።

ኪሮስን አንድ ጁስ ቤት በር ላይ፣ የመሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ኪሮስ፣ ውረድ! መሰላሉን እፈልገዋለሁ!»

«አልወርድም!»

«ለምን?»

«እስቲ አንብቢው!»

ቀና ብላ አነበበች። በትልልቅ ቀይ ፊደል «ሞተ ጁስ ቤት» ይላል።

«ሞቲ ነበር እኮ!» አለ ኪሮስ ሊያለቅስ ደርሶ። «የባለቤቱ ስም ነው። የ‹ቲ›ን እግር ልቀጥል ስል ቀለሙ አለቀብኝ። እንዲህ ትቼው ብወርድ ሞቲ ይገድለኛል። ያኔ ጽሑፉ ልክ ይሆናል፣ የሚሞተው ግን እኔ ነኝ! ከእቴቴ ብርቄ ሱቅ ቀይ ቀለም አምጪልኝ።»

ቀለሙ ካልመጣ ኪሮስ አይወርድ፣ ኪሮስ ካልወረደ መሰላሉ አይመጣ፣ መሰላሉ ካልመጣ ጎማው አይወርድ፣ ጎማው ካልወረደ ቤንዚኑ አይደርስ፣ ቤንዚኑ ካልደረሰ ሞተሩ አይነሳ፣ ሞተሩ ካልተነሳ ሙሽራዋ አትወጣ! ምንትዋብ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ሮጠች።

የእቴቴ ብርቄ ሱቅ በር ላይ አንዲት ግመል ተኝታለች። መተኛት ብቻ አይደለም፣ በሩን ተደግፋ ታመሰኳለች።

«እቴቴ! ቀይ ቀለም!»

«ምንትዋብ ነሽ? እልልልል!» አለ ከውስጥ ድምፅ። «ቀለሙ በእጄ ነው ልጄ! በሩ ግን የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ይህች ግመል በገዛ ሱቄ አሰረችኝ እኮ!»

ባለ ግመሉ ዋበሪ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገጩን ይዟል።

«አስነሳት እንጂ!» አለችው።

«ለመንኳት፣ እምቢ። ተቆጣኋት፣ እምቢ። ዘፈንኩላት፣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ቁርሷን ሳትበላ አትነሳም።»

«ቁርሷ ምንድን ነው?»

«የሐብሐብ ቅርፊት። ያቀበጥኳት እኔው ነኝ።»

ቅርፊቱ ካልመጣ ግመሏ አትነሳ፣ ግመሏ ካልተነሳች በሩ አይከፈት፣ በሩ ካልተከፈተ ቀለሙ አይወጣ፣ ቀለሙ ካልወጣ ኪሮስ አይወርድ፣ ኪሮስ ካልወረደ መሰላሉ አይመጣ፣ መሰላሉ ካልመጣ ጎማው አይወርድ፣ ጎማው ካልወረደ ቤንዚኑ አይደርስ፣ ቤንዚኑ ካልደረሰ ሞተሩ አይነሳ፣ ሞተሩ ካልተነሳ ሙሽራዋ አትወጣ!

በዚህ መሐል ከሩቅ የሙሽራው አጃቢዎች ጥሩምባ ተሰማ። ምንትዋብ በባዶ እግሯ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ኩሏ ሊፈስ ሆነ። «አባዬ፣ ልቀር ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገችና አሰበች። የሐብሐብ ቅርፊት የት ይገኛል? ሐብሐብ የሚጨመቅበት ነዋ! ዞራ በመጣችበት በረረች።

«ሞቲ! የሐብሐብ ቅርፊት ስጠኝ!»

ሞቲ ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ ሆኖ ሲጨምቅ ነበር። «ምን ሊያደርግልሽ?» እያለ ወጣ። ቀና አለ። አነበበ።

«ኪሮስ! በቁሜ ገደልከኝ?»

«ቅርፊት ስጣትና ከሞት ተነሳ!» ብሎ ጮኸ ኪሮስ ከላይ።

ሞቲ ቅርፊት የሞላበትን ባልዲ ተሸክሞ ከሙሽራዋ ቀድሞ ሮጠ። ባልዲውን ያየች ግመል ተነሳች፣ ግመሏ ስትነሳ በሩ ተከፈተ፣ በሩ ሲከፈት ቀለሙ ወጣ፣ ቀለሙ ሲወጣ «ተ» እግር አውጥታ «ቲ» ሆነች፣ «ቲ» ስትሆን ኪሮስ ወረደ፣ ኪሮስ ሲወርድ መሰላሉ መጣ፣ መሰላሉ ሲመጣ ጎማው ወረደ፣ ጎማውም በሙሽራዋ አንገት እንደ ሐብል ተጠምጥሞ ጋራዥ ገባ!

ሸምሰዲን ጎማውን ለክቶ ቆረጠ፤ አንዱን ጫፍ ከቱቦው፣ ሌላውን ከሞተሩ አገናኝቶ በማሰሪያ አጠበቀ። መሪውን ይዛ ትጠብቅ የነበረችው ወይዘሮ አስካለ ቁልፉን አዞረች። እህ፣ እህ፣ እህ... ጸጥ።

«ቱቦው አየር ይዟል፤ ቤንዚኑ እስኪደርስ ነው። ድገሚው!»

እህ፣ እህ፣ እህ... ጓ! ሞተሩ ተነሳ። ምንትዋብ ዘላ በሩን ከፈተች። ሸምሰዲን ግን «ቆይ!» ብሎ መገናኛውን ሁሉ በጣቱ ዳሰሰ፣ ጣቱንም አሸተተ። «ጠብታ የለም። በሉ፣ መልካም ጋብቻ!»

አጃቢዎቹ ደጅ ሲደርሱ ፔጆዋ ተነስታ ጠበቀቻቸው። ሙሽራው ናሆም ከኋላ ምንትዋብ አጠገብ ገባ። ወይዘሮ አስካለ እንደለመደችው ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠችው፤ የድሮው ደካማ ሞተር ያለዚያ አይንቀሳቀስም ነበርና። አዲሱ ግን ሌላ ነው። ፔጆዋ ተወረወረች! የቪዲዮውን መኪና አለፈች፣ የሚዜዎቹን አለፈች፣ የሙሽራውን አክስት ከነጥሩምባዋ አለፈች። ናሆም በአንድ እጁ ሙሽራዋን፣ በሌላው የበሩን መያዣ ጨብጦ «እማማ! እማማ!» ይላል። ምንትዋብ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

አዳራሹ ሲደርሱ ማንም የለም። ዘፋኙ እንኳ ገና ቤቱ ካልሲውን እየፈለገ ነው።

ወይዘሮ አስካለ መሪውን በመዳፏ ዳሰሰች። «አባትሽ ቢኖር፣ በሠርግ ቀን እንዲህ ይነዳል ወይ ብሎ ይቆጣኝ ነበር» አለች።

«አይቆጣሽም» አለች ምንትዋብ፣ ከኋላ የእናቷን አንገት አቅፋ። «እስቲ ድገሚው ነበር የሚልሽ።»

ወይዘሮ አስካለ በመስታወቱ ልጇን አየቻት። ማርሽ አስገባች። ደገመችው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በሠርግ ዳቦ አብሱ።