እትዬ ዙሪያሽ ሁሉንም የፈቀዱ ዕለት

መርሳ ውስጥ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለ ሰፈር አለ። እዚያ ሰፈር ስልኩ «ይፍቀዱልኝ» ብሎ ሲለምነው ዝም ብሎ የሚነካ ሰው አታገኙም። መጀመሪያ አንዲት አባባል አለች፣ እሷን ይላል፣ ከዚያ ጣቱን ይሰበስባል። ልጁም ይላታል፣ ሽማግሌውም ይላታል። ከየት እንደመጣች ግን ሁሉም አያውቅም፤ ወይኔ፣ ታሪኳ ደግሞ ሲያስፈራ! በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነገር እኮ ነው፣ ግን እስከ ዛሬ ሲወራ ሰውነትን ይወርራል። በቃ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር።

ዓይናዲስ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት። ከኮምቦልቻ የመጣችው ተደብቃ ነው። ጌጡ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር አጭቷት ነበር። መጀመሪያ ማር ነው፣ ማር! ሲቆይ ግን ስልኳን መበርበር ጀመረ፣ ሥራ ቦታዋ በር ላይ መገተር ጀመረ፣ አንድ ቀን ደግሞ በሰው ፊት በጥፊ አላት። ቀለበቱን መለሰችለት። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሳቀ። «የትም ግቢ፣ አገኝሻለሁ» አላት፣ እየሳቀ! ቢጮህባት ይሻል ነበር እኮ። እሷም ቁጥሯን ቀየረች፣ ለእናቷ ብቻ ነገረችና መርሳ መጥታ እትዬ ዙሪያሽ ቤት ተከራየች።

እትዬ ዙሪያሽ እንዴት ያሉ ሴት መሰሏችሁ! እምቢ የሚባል ቃል አፋቸው ላይ አልተፈጠረም። አላፊ አግዳሚው «ቤቶች!» ካለ «ግቡ፣ ግቡ» ነው፤ ማን እንደሆነ የሚጠይቁት ቆሎ ካቀረቡ በኋላ ነው። ዓይናዲስን እንደ ልጃቸው አዩዋት። የስፌት መኪናዋን ፊት ለፊት ክፍል መስኮቱ ሥር አስቀመጡላት፣ እሷ ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ ጓዳው ውስጥ ትተኛለች። ልጃቸው አዲስ ስልክ ከገዛላቸው ወዲህማ ሥራቸው ፎቶ ሆነ። ዓይናዲስ ቀሚስ በጨረሰች ቁጥር «በይ ልበሺውና በሩ ጋ ቁሚልኝ» ይሏታል። ቀጭ! ቀጭ! ስልካቸው በእሷ ፎቶ ሞላ።

ታዲያ አንድ ቀን ቢጫ ቲሸርት የለበሰች ልጅ መጣች። «ጎረቤቴ» የሚባል አፕ ቤት ለቤት እየዞረች የምትጭን የኩባንያ ሠራተኛ ናት።

«እናቴ፣ በነፃ ነው! የገበያ ዋጋ በሉት፣ ሠርግ በሉት፣ ለቅሶ በሉት፣ የሰፈሩ ወሬ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ።»

«ለቅሶም?» አሉ እትዬ ዙሪያሽ። ለቅሶ ያመለጣቸው እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ አይበሉም።

«ለቅሶም!»

«እንግዲያማ ጫኚልኝ።»

ልጅቷ ጫነችው። አፕ ተብዬው መጠየቅ ጀመረ። ስልክዎ ውስጥ ያሉትን ስሞች ልይ፣ ይፈቅዳሉ?

«ምን አለኝ?»

«ይፍቀዱልኝ ነው የሚልዎት።»

«በስንት ትህትና! ይግባ በይው።»

ፎቶዎን ልይ፣ ይፈቅዳሉ? «ይግባ።» ያሉበትን ቦታ ልወቅ፣ ይፈቅዳሉ? «ይግባ፣ ይግባ፣ ምን አስቆመው!»

ዓይናዲስ ከስፌቷ ቀና አለች። «እትዬ፣ ፎቶውን እንኳ ቢተዉት ምናለ?»

«አንቺ ደግሞ! በሬ ላይ ቆሞ የለመነኝን መልሼ አላውቅም፣ ስልክ ነው ብዬ ልመልሰው?»

«ሁሉም ሰው እኮ ፈቅዷል፣ እህቴ» አለች ባለ ቢጫ ቲሸርቷ፣ «የሚደብቁት ነገር ከሌለ ምን ያስፈራል?»

የሚደብቁት ነገር! ዓይናዲስ የጌጡን ነገር ለእትዬ ዙሪያሽ አልነገረቻቸውም ነበራ። አፍራ፣ ደግሞ ያስወጡኛል ብላ ፈርታ። ምን ትበል? መኪናዋን መርገጧን ቀጠለች።

ጥቂት ቀን አለፈ። አንዲት ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ገና ከበር «አንቺ! ያ ሰማያዊው እንዴት አምሮብሻል! እንደሱ ነው የምፈልገው» አለቻት።

«የቱ ሰማያዊ?»

«ጎረቤቴ ላይ ያለው ነዋ! ሰፈሩ ሁሉ አይቶሻል እኮ።»

ሴትየዋ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ዓይናዲስ ናት፣ በሩ ጋ ቆማ፣ እየሳቀች። እትዬ ዙሪያሽ አልለጠፉትም፤ መለጠፍ ራሱ ምን እንደሆነ አያውቁም! አፑ ነው በራሱ ጊዜ «ለጎረቤቶችዎ አካፍለናል» ብሎ የዘረገፈው። ስሙንም ከስልኩ ውስጥ ወስዶ፣ ቦታውንም አክሎ ከሥሩ ጽፎታል፦ «ዓይናዲስ ተከራዬ። መርሳ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ።» ለመርሳ ሰው ብቻ ቢሆን ጥሩ! አገር ምድሩ ነው የሚያየው።

ከፎቶው በታች ልብ በልብ ነው፣ ውዳሴ በውዳሴ። ከሁሉም በታች ግን አንድ ሰው፣ ስሙን ያልጻፈ፣ በፊቱ ፋንታ የአይሱዙ ፊት የለጠፈ ሰው፣ እንዲህ ብሏል፦ «የኔ ቆንጆ። መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ዓይናዲስ መርፌው ጣቷን ሲወጋት እንኳ አልተሰማትም። ደሙ የሴትየዋን ጨርቅ ሲነካ ነው ያየችው።

ያን ዕለት ለእትዬ ዙሪያሽ ሁሉንም ነገረቻቸው። ምስኪን፣ ደረታቸውን ደቁ። «እኔ ነኝ! በገዛ እጄ!» እያሉ ፎቶውን ከስልካቸው አጠፉት። ከስልካቸው ጠፋ። ከጎረቤቴ ላይ ግን አልጠፋም። አፑን ራሱን አጠፉት። ፎቶው አሁንም አለ! ኩባንያው ጋ ደወሉ፤ ስንት ሙዚቃ ካሰማቸው በኋላ አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ልጅ አነሳ።

«እናቴ፣ ፎቶውን እንድንጠቀምበት እኮ ፈቅደዋል።»

«ልጄ፣ እኔ ግባ አልኩ እንጂ አውጣ አላልኩም!»

«ውሉ ላይ ተጽፏል፣ እናቴ።»

«በማን ቋንቋ?»

«ጥያቄዎ ተመዝግቧል። በተራው ይታያል። ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?»

«ሰው ሊገድላት ነው እያልኩህ!»

«ስለደወሉ እናመሰግናለን።» ጥርቅም።

ፖሊስ ጣቢያም ሄዱ። «ከመጣ ደውሉልን» ተባሉ። እሺ፣ ከመጣ ማን ነው ስልክ ለማንሳት ጊዜ የሚሰጠው?

ከዚያ ወዲያ ዓይናዲስ ኑሮዋ ጆሮ ብቻ ሆነ። አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር እግሯ ከመርገጫው ላይ ይቀራል። ውሃ ልትቀዳ መውጣት ፈራች። ወደ እናቷ እንዳትመለስ መንገዱ የእሱ ነው። ሌላ ከተማ እንዳትሄድ ፎቶዋ ቀድሟት ይሄዳል። የት ይገባል? እስቲ እናንተ ንገሯት!

ቅዳሜ መጣ። ገበያ ነው፣ የሐጂ ይመር ወፍጮ ከጠዋት ጀምሮ ያገሳል። ሐጂ ይመር የወፍጮው ባለቤት ናቸው፣ ግድግዳቸው ከእትዬ ዙሪያሽ ጓዳ ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረው፣ እህል የያዙት ሴቶችም የሚሰለፉት እዚያው ጓዳው መስኮት ሥር ነው። ወፍጮው ሲፈጭ እዚያ ሰልፉ ላይ ያለ ሰው አጠገቡ ያለው ቢጮህ እንኳ አይሰማም፤ ቤቱ ውስጥ ግን ይደማመጣል።

«ቤቶች!»

ዓይናዲስ ድምፁን አወቀችው። ሳታስብ ዘላ መጋረጃውን ገልጣ ጓዳ ገባች። እትዬ ዙሪያሽ ደግሞ፣ አይ ልማድ! አፋቸው ከልባቸው ቀድሞ «ግቡ!» ብሎ አረፈው።

ገባ። ፀጉሩን ተቆርጧል፣ ሙዝ በፌስታል ይዟል፣ ፈገግ ብሏል። «እንደምን ዋሉ እናቴ። የዓይናዲስ ወንድም ነኝ፣ ከኮምቦልቻ።»

ዓይናዲስ ወንድም የላትም። እትዬ ዙሪያሽ ይህን ያውቃሉ። ግን ፊታቸው ላይ ምንም አላሳዩም። «ውይ፣ ዛሬማ የለችም፣ ልጄ። ገበያ ወጣች።»

ጌጡ ዓይኑን መስኮቱ ሥር ያለችው የስፌት መኪና ላይ ተከለ። የመኪናዋ ጎማ ገና እየዞረ ነበር። ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ… ቆመ።

«ገበያ» አለ። ሙዙን መሬት አስቀመጠ።

ከመጋረጃው ኋላ ዓይናዲስ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። የመኪና ቁልፉ እጁ ላይ ሲንቃጨል ይሰማታል፤ ሲናደድ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ልጩህ? ወፍጮው ይውጠዋል። በመስኮቱ ልውጣ? ጭንቅላት እንኳ አያሳልፍም። በመስኮቱ በኩል ግን የሴቶቹ ሻሽ ይታያታል፣ ከሥራቸው ደግሞ አፉን የከፈተ የእህል ጆንያ፣ ጤፉ፣ ማሽላው፣ በተርታ።

ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ጌጡ ወደ መጋረጃው ተጠግቷል። «እስቲ ጓዳውን ልየው።»

እትዬ ዙሪያሽ መጋረጃው ፊት ቆሙ። «ተቀመጥ ልጄ፣ የሚጠጣ ላምጣልህ…»

«ዞር በይ» አለ። አንቱታውን ጣለው! «ስልክሽ ሁሉን አሳይቶኛል እኮ። በርሽን አይቻለሁ፣ ልጅሽን አይቻለሁ፣ አልጋሽ ላይ ያለውን አንሶላ ሳይቀር አይቻለሁ። ከእኔ የሚደበቅ ምን ጓዳ ቀረሽ?»

ዓይናዲስ ይህን ስትሰማ እጇ ጀሪካኑን ያዘ። ሙሉ የውሃ ጀሪካን ነው፤ ከየት ባመጣችው ጉልበት እንዳነሳችው እሷም አታውቅም። መስኮቱ ላይ አጋደመችውና ቧ! አድርጋ ለቀቀችው። በቀጥታ ጆንያዎቹ ውስጥ።

ወይ ጉድ! ሊፈጭ የተሰለፈ ጤፍ ላይ ውሃ! ጤፍ ለቅሞ፣ አበጥሮ፣ ተሸክሞ የመጣ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ሴቶቹ ያሰሙት ድምፅ ወፍጮውን አስናቀ። «ማናት ይህቺ፣ እጇ ይቆረጥ!» «ጤፌን! ሊጥ አደረገችልኝ!» እያሉ ግቢውን ዞረው ዱብ ዱብ፤ የወፍጮው ወንዶችም ምን ተፈጠረ ብለው ተከተሏቸው፣ ከእግር እስከ ራሳቸው ዱቄት፣ ቅንድባቸው ነጭ፣ ሐጂ ይመርም ቆባቸውን እያስተካከሉ ከኋላ። ወፍጮው ቆመ።

በሩ ላይ ደርሰው ሊሳደቡ አፋቸውን ከፍተው፣ እትዬ ዙሪያሽን አዩ። መጋረጃው ላይ በጀርባቸው ተለጥፈው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ እንባቸው ይወርዳል። የጌጡ እጅ ትከሻቸው ላይ ነው። ስድቡ እዚያው ቀረ። እነዚያ ነጫጭ ሰዎች በሩን ሞልተው ዝም ብለው ሲያዩት፣ በማርያም፣ ሙታን የመጡበት ነው የሚመስለው።

ጌጡ እጁን አነሳ። «ምንድነው? እንግዳ አይታችሁ አታውቁም?»

ሐጂ ይመር ገቡና በርጩማ ስበው ተቀመጡ። አንዱን የወፍጮ ሠራተኛ «ፖሊስ ጥራ» አሉት፣ ሌሎቹን ደግሞ «ከበሩ እንዳትነቃነቁ»። ከዚያ ወደ ጓዳው ጮክ ብለው «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አሉ።

ከመጋረጃው ኋላ ቀጭን ድምፅ መጣ። «አታስገቡት፣ አባባ። እባካችሁ አታስገቡት።»

ጌጡ አሁን ላብ አጥምቆታል። ግን አሁንም አፉ አልተዘጋም፤ ልክ እንደዚያ እንደ ኩባንያው ልጅ ድምፁን አለሰለሰ። «አባቴ፣ እኔ ሰብሬ አልገባሁም። ስልካቸው ቤቱን አሳየኝ፣ እሳቸው ራሳቸው ግቡ አሉኝ። ይጠይቋቸው። ፈቅደዋል።»

ሰው ሁሉ እትዬ ዙሪያሽን አየ። እትዬ ዙሪያሽ አንገታቸውን ደፉ፤ እውነቱን ነው፣ ግቡ ብለዋል።

ሐጂ ይመር ግን ከበርጩማቸው ተነሱ፣ መጋረጃው ጋ ሄደው ከእትዬ ዙሪያሽ ጎን ቆሙና ጌጡን ከላይ እስከ ታች አይተው እንዲህ አሉት፦ «ቤት ለእንግዳ ነው፣ ጓዳ ለባለቤት።»