ኤፍራታ አልገለበጥም ያለች ዕለት

አላችሁ? እንግዲያው ጆሯችሁን አውሱኝ።

በሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ስመኝ የምትባል እናት አለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ልጆቿ ሦስት ናቸው፣ ልባቸውም ሦስት ቦታ ነው። ትልቋ ሶስና ክራር ትማራለች። መሃለኛው አቤኔዘር ቴኳንዶ ይማራል። ትንሿ ኤፍራታ ጂምናስቲክ ትማራለች። ሌላ ጊዜ ቀናቸው ይለያያል፤ ያን ዕለት ግን ሦስቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ገጠሙ። ስመኝ ደግሞ አንዲት ናት።

ኤፍራታ ባለፈው ክረምት ከአጥር ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ስብራቱ ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ጓደኞቿ ሲገለባበጡ እሷ ፍራሹ ዳር ተቀምጣ ታያለች። ያን ዕለት ታዲያ እናቷ አዳራሹ ድረስ አድርሳት ልትመለስ ስትል ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት።

«እማ፣ ዛሬ እገለበጣለሁ።»

«እውነትሽን ነው? ጎሽ የኔ ጀግና!»

«ግን አንቺ ካላየሽኝ አልገለበጥም።»

ስመኝ እዚያው ቆማ ብታያት በወደደች። ነገር ግን የኤፍራታ ተራ የመጨረሻው ነው፤ አቤኔዘርን ደግሞ ወላጅ ካልመጣለት አይለቁትም። «ወንድምሽን ይዤ አሁን መጣሁ» ብላ ሮጠች።

አቤኔዘር ነጭ ልብሱን እንደለበሰ የቴኳንዶው ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ተነሥ የኔ ጌታ፣ እንሂድ።»

«አልነሣም! ዛሬ ፈተና ነው። አሰልጣኙ ያለ ቀበቶ አልፈትንህም አለኝ።»

«ቀበቶህን የት ጣልከው?»

«ሶስና ናት የወሰደችው! የክራሯ ማንገቻ ተበጥሶባት በእሱ አሰረችው።»

እንግዲህ አቤኔዘር ያለ ቀበቶ አልነሣም አለ፣ ስመኝ ያለ አቤኔዘር መመለስ አቃታት፣ ኤፍራታም ያለ እናቴ አልገለበጥም ብላ ፍራሹ ዳር ቁጭ አለች።

ስመኝ ሶስና ክራር ወደምትማርበት ወጣት ማዕከል ሮጠች። ሶስና የሙዚቃው ክፍል በር ላይ ጉንጯን ይዛ ቆማለች።

«ቀበቶውን አምጪ ልጄ፣ ወንድምሽ እያለቀሰ ነው።»

«ከክራሩ ጋር ውስጥ ነው እማ። ቀን አስቀምጬው ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ስመለስ በሩ ተቆልፏል። ጋሽ መኩሪያ እስካሁን አልመጡም።»

ስመኝ በሩን ገፋችው። በሩ ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ በሩ ያለ ጋሽ መኩሪያ አልከፈትም አለ፣ ቀበቶው ያለ በሩ አልወጣም አለ፣ አቤኔዘር ያለ ቀበቶ አልነሣም አለ፣ ስመኝ ያለ አቤኔዘር መመለስ አቃታት፣ ኤፍራታም ያለ እናቴ አልገለበጥም ብላ ቁጭ አለች።

ጋሽ መኩሪያ የክራር መምህሩ ናቸው። እግራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አልታዘዝ ስላላቸው በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ነው የሚሄዱት። ስመኝና ሶስና መንገድ መንገዱን እያዩ ሲሮጡ ጎሚስታው ቤት ደጃፍ አገኟቸው። አንደኛው ጎማቸው ተኝቷል።

«ጋሽ መኩሪያ፣ በሞቴ ቁልፉን ይስጡኝ!»

«እንቺ ብልሽ ደስ ባለኝ ልጄ፤ ቁልፉ ግን አመለኛ ነው። ከእኔ እጅ በቀር ለማንም አይዞርም። ባለፈው ዘበኛው ሲታገለው ሊሰብረው ነበር።»

«እንግዲያው ባጃጅ ልጥራ?»

«ባጃጁስ ደጅ ያደርሰኛል፤ ከደጅ እስከ ክፍሉ በምን ልሄድ? ይህ ጎማ እግሬ ነው።»

እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ጋሽ መኩሪያ ያለ ጎማቸው አይሄዱም፣ በሩ ያለ ጋሽ መኩሪያ አልከፈትም አለ፣ ቀበቶው ያለ በሩ አልወጣም አለ፣ አቤኔዘር ያለ ቀበቶ አልነሣም አለ፣ ስመኝ ያለ አቤኔዘር መመለስ አቃታት፣ ኤፍራታም ያለ እናቴ አልገለበጥም ብላ ጉልበቷን አቅፋ ቁጭ አለች።

ስመኝ ወደ ጎሚስታው ዞረች። ዱካሞ ይባላል፤ ገና ወጣት ነው። በአንድ ክንዱ የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፏል፣ በሌላው እጁ ጎማውን ሊፈታ ይታገላል።

«ወንድሜ፣ እባክህ ፍጠንልን!»

«እህቴ፣ ምን ላድርግ? እናቱ ፈተና ላይ ናት፤ የማታ ተማሪ ነች። ከሄደች ጀምሮ አላቆመም። ሳስቀምጠው ይጮሃል፤ ስይዘው እጅ የለኝም። ጎማ ደግሞ በአንድ እጅ አይፈታም።»

እንግዲህ ሕፃኑ አልተኛም አለ፣ ዱካሞ ሕፃኑ ካልተኛ እጅ የለኝም አለ፣ ጎማው ያለ ዱካሞ አልነፋም አለ፣ ጋሽ መኩሪያ ያለ ጎማቸው አይሄዱም፣ በሩ ያለ ጋሽ መኩሪያ አልከፈትም አለ፣ ቀበቶው ያለ በሩ አልወጣም አለ፣ አቤኔዘር ያለ ቀበቶ አልነሣም አለ፣ ስመኝ ያለ አቤኔዘር መመለስ አቃታት፣ ኤፍራታም ያለ እናቴ አልገለበጥም ብላ በሩን በሩን ታያለች።

ስመኝ ዕንባዋ መጣ። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ እያዘነበለች ነው። «ሦስት ቦታ የምቆመው በምኔ ነው?» ብላ ልታለቅስ ስትል ዓይኗ ዱካሞ ላይ ዐረፈ። ሸሚዙ በልጁ ዕንባና በጎማ ጥላሸት ተለውሷል። ፊቱ ላይ ያለውን ድካም አወቀችው፤ ማለዳ ማለዳ መስታወት ውስጥ የምታየው ነው።

«አምጣው» አለችው።

«ምን?»

«ልጁን አምጣው እንጂ! ሦስት አሳድጌያለሁ።»

ነጠላዋን አወረደች፣ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ አደረገች፣ ጥብቅ አድርጋ አዘለችው። ወዲያና ወዲህ እያለች እሹሩሩ አለችው። ጋሽ መኩሪያም በጉሮሯቸው ቀስ ብለው ያንጎራጉሩላት ጀመር። ሕፃኑ አንዴ ተንሰቀሰቀ፣ ሁለቴ ተነፈሰ፣ ጉንጩን ትከሻዋ ላይ ጣለ።

ሕፃኑ ተኛ።

ሕፃኑ ቢተኛ ዱካሞ ሁለት እጅ አገኘ። ዱካሞ እጅ ቢያገኝ ጎማው ተለጠፈ፣ ተነፋ። ጎማው ቢነፋ ጋሽ መኩሪያ እጀታቸውን ጨበጡ። «ነጠላው ከልጁ ጋር ይቆይ፣ እንዳትገፍፈው!» ብላ ስመኝ ሕፃኑን ቀስ አድርጋ ለአባቱ አስረከበች። ጋሽ መኩሪያ ሶስና ከኋላ እየገፋችላቸው በረሩ። ጋሽ መኩሪያ ቢደርሱ አመለኛው ቁልፍ ቀጭ አለ። ቁልፉ ቢዞር በሩ ተከፈተ። በሩ ቢከፈት ቀበቶው ወጣ። ቀበቶው ቢወጣ ሶስና ክራሯን ልትማር ቀርታ ስመኝ ይዛው ሮጠች። አሰልጣኙ ሌሎቹን ሁሉ ፈትኖ ጨርሶ ነበር፤ ግን አልሄደም። «ይመጣል ብዬ ቆየሁ» አለ። አቤኔዘር ወገቡን ታጠቀ፣ ተፈተነ፣ አለፈም። አቤኔዘር ቢያልፍ ከእናቱ ቀድሞ ወደ ኤፍራታ ሮጠ!

የጂምናስቲኩ አዳራሽ ጭር ብሏል። ልጆቹ ሄደዋል። «አለቀ» አለች ስመኝ በልቧ።

አላለቀም። አሰልጣኟ ቤተል ፍራሹ ላይ ከኤፍራታ ጎን ተቀምጣለች። ሌሎቹን ፍራሾች ሁሉ ሰብስባ አንዱን ብቻ ትታለች።

«መጣች!» አለች ኤፍራታ፣ ዘልላ ተነሥታ።

እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ተሰብሮ የነበረውን ክንዷንም ከሌላው እኩል አቃናችው፤ ስመኝ ከበሩ ታያት ነበር። ኤፍራታ ወደ ፊት ተወረወረች፤ እጅ፣ እግር፣ ሰማይ፣ ምድር ተደባለቀ፤ ከዚያ ሁለት ትናንሽ እግሮች ጧ ብለው ፍራሹ ላይ ቆሙ።

«አየሽኝ?»

«አየሁሽ!» አለች ስመኝ።

ማታ ባሏ ከመንገድ ደወለ። «እንዴት ዋልሽ? ብቻሽን አስቸገሩሽ አይደል?» አላት።

«ብቻዬን?» አለች ስመኝ። «ብቻዬንማ አልዋልኩም። ዱካሞን ይባርከው። ለጋሽ መኩሪያ ዕድሜ ይስጥልኝ። የቴኳንዶውን አሰልጣኝ ያቆይልኝ። ቤተልን…» ብላ ሳትጨርስ ከጓዳ ጩኸት ሰማች። ኤፍራታ ፍራሹን ከአልጋው ላይ ጎትታ መሬት ላይ ዘርግታለች፤ ሶስናና አቤኔዘር ዳር ዳሩን ይዘዋል።

«እማ፣ ነይ! ደግሜ ልገለበጥ ነው!»

ስመኝ ስልኩን እንደያዘች ሄዳ መሬቱ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ለባሏም፣ «ቆይ፣ ልጅህን እያየሁ ነው» አለችው።

ጆሮ ላዋሳችሁኝ ሁሉ፣ ልጆቻችሁን የምታዩበት ጊዜ አይንፈጋችሁ።