የጎደሉት አራቱ

አንድ ቀን ቢያድግልኝ የሚባል የደጋ ልጅ ማስተርሱን ሊማር ዩኒቨርሲቲ ገባ። የመረጠው ፓርቲክል ፊዚክስ ነው። ይኼ ትምህርት ምን መሰላችሁ? አንዲት የጤፍ ፍሬ ትሰነጥቃላችሁ፣ ስንጣሪዋን ትሰነጥቃላችሁ፣ የስንጣሪዋን ስንጣሪ እንደገና ትሰነጥቃላችሁ፤ እንዲህ ስትሰነጥቁ ሸብታችሁ ዓይናችሁ ሲፈዝ ዲግሪ ይሰጧችኋል። ልጁ ግን ፍቅር ይዞት የለ፣ ምሳ ቀርቦለት እንኳ መጉረሱን ትቶ በርበሬው ውስጥ ምን እንዳለ ሲመረምር ወጡ ይበርድበታል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ላቀው ናቸው። እሳቸው የማይተነትኑት ነገር ከሰማይ በታች የለም። ማስተማር ብቻ ይከብዳቸዋል፤ ጠመኔ ገና ከሩቅ ሲያዩ ያስነጥሳቸዋል። ክፋቱ፣ ፓርቲክል ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው በግቢው ከእሳቸው በቀር አልነበረም።

ቢያድግልኝ በዓመቱ የሚወስዳቸውን ኮርሶች ሊያስጸድቅ ቢሯቸው ገባ።

«ሌላው ይሁንልህ፤» አሉት፤ «የፓርቲክሉ ኮርስ ግን አይከፈትም።»

«ምነው ዶክተር! እኔ የመጣሁት እኮ ለእሱ ነው!»

«ስንት ሆናችሁ ተመዘገባችሁ?»

«እኔ ብቻ ነኝ።»

«በቃ! ካምስት ተማሪ በታች ኮርስ አይከፈትም። አርፈህ ጂኦሎጂ ግባና ድንጋይህን አጥና። ድንጋይ ቢያንስ በዓይን ይታያል።»

ልጁን ላብ አጠመቀው። መንደሩ «ሰማይ የተሠራበትን ሊያይ ነው» ብሎ፣ በግ አርዶ፣ ጨፍሮ ነው የሸኘው። አሁን ድንጋይ አጥንቼ መጣሁ ቢል ምን ሊሉት ነው? ድንጋይ እንደሆነ አገሩም ሞልቷል!

«እባክዎ ዶክተር፣ ብቻዬን ብማር ማን ይጎዳል?»

ዶክተር ላቀው የደብራቸው የሰበካ ጉባኤ ሊቀመንበር ናቸውና ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ስብከታቸውን ጀመሩ።

«አንተ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሰህ አታውቅም እንዴ? ቅዳሴ እንኳ አምስት ልዑካን ካልተሟሉ አይቀደስም! አንድ ዲያቆን ከቀረ፣ አገር ቢያለቅስ አይሆንም። የእግዜር ቤት አምስት ሲጠብቅ፣ የእኔ ቤት ባንድ ይከፈትልህ?»

ቢያድግልኝ ይኼን ሲሰማ ላቡ ባንዴ ደረቀ። እሱ እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ በዲቁና ያገለገለ ነው፤ ሰውየው ራሳቸው ሰተት ብለው እሱ ያደገበት ደጅ ገቡለት።

«እውነትዎን ነው ዶክተር፤» አለ አንገቱን ደፋ አድርጎ። «ግን አምስቱ እኮ ቀዳሾቹ ናቸው። አስቀዳሽማ አንዲት ባልቴት ብቻ ብትመጣም ይቀደስላታል። እንግዲህ በእርስዎ ሥርዓት ከሄድን፣ አስቀዳሹ እኔ ይኸው ቆሜያለሁ፤ የጎደሉት አራት መምህራን ናቸው። ግድ የለም፣ እኔ በእርስዎ ባንድዎ እታገሣለሁ!»

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ላቀው እያስነጠሳቸው ጠመኔ ይዘው ገቡ፤ አስቀዳሹም ባዶውን ክፍል ብቻውን ሞልቶ ጠበቃቸው።