የዕለት እህሉን በጉድጓድ የከተተ ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው። ማሽላው አምሮ ተሰብስቦለት ሳለ፣ እህሉን የሚያኖርበት ጎታ ግን አርጅቶ አይጥ በስቶት ነበር። ሚስቱና ልጆቹ እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚኖሩት በዚያው እህል ስለሆነ ሐሳብ ያዘው።

በዚህ መካከል በአገሩ ወደ ታወቀ አንድ ባለጠጋ ቤት በእንግድነት ሄደ። ባለጠጋው የእህል ጉድጓዱን ሲያስከፍት ደረሰ። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፤ ውስጡ በገለባ ተለብጧል፤ አፉ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኖ ከርሟል። አይጥ አይደርስበት፣ ሌባ አያውቀው። ገበሬው እንዲህ ያለ ሰው የመረጠው ነገር እንዴት ስህተት ይሆናል እያለ ወደ ቤቱ ተመለሰና ማንንም ሳያማክር ጉድጓድ ቆፈረ። ማሽላውን አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ገለበጠበት። አሮጌውን ጎታም ሰባብሮ ጣለው፤ ሰው ሲጓጓ እንዲህ ነው።

የዚያ ቤት እህል ግን በየሁለት ቀኑ የሚወጣ ነው። ሚስቱ ትፈጫለች፣ ደቦ አለ፣ እንግዳ አለ። እህል ባስፈለገ ቁጥር ገበሬው አፈሩን ይዝቃል፣ ድንጋዩን ያነሳል፣ የታመቀው መጥፎ አየር እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ወርዶ ይቀዳል፣ መልሶ ይደፍናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በተከፈተ ቁጥር እርጥበት እየገባበት ከላይ ያለው ማሽላ ሻገተ።

አንድ ቀን እሱ ገበያ ወርዶ ሳለ እንግዳ መጣ። ሚስቱ እንግዳን በባዶ ቤት መቀበል አሳፈራትና ጉድጓዱን ራሷ ከፍታ፣ አየሩ ሳይወጣ ወረደች። እዚያው ራሷን ሳተች። እንግዳው ጮኾ ጎረቤት ባይሰበስብና በመጫኛ ስበው ባያወጧት ኖሮ ያ ጉድጓድ መቃብሯ ይሆን ነበር።

ገበሬው ደንግጦም ተናዶም ባለጠጋው ዘንድ ሄደ። ያንተን አይቼ ባደርግ ሚስቴን ልቀብር ነበር ብሎ ወቀሰው። ባለጠጋው እስኪጨርስ አዳመጠው።

«እኔ ጉድጓዴን የምከፍተው በዓመት አንዴ ነው፤ ያን ለትም ሰው አቁሜ። የዕለት እህሌ ያለው ጓዳ፣ ጎታ ውስጥ ነው። አንተ ጉድጓዴን አየህ እንጂ ጓዳዬን አላየህም» አለው።

እውነቱን ነው፤ እንግዳ የሰው ጓዳ አይገባም። ባለጠጋው ቀጥሎ በቤትህ እህል የሚቀዳው ማነው ብሎ ጠየቀው። ሚስቴ ናት አለ። «እሷስ የቱ ይሻለኛል አለች?» ገበሬው ተነስቶ ወደ ቤቱ አቀና። አልጠየቃትም ነበርና።

ቤቱ ሲመለስ ጠየቃት። እሷም ገና ከአልጋ ሳትነሳ፣ «ከሥሩ ቀዳዳ ያለው፣ ውታፉን ነቅዬ የምቀዳበት ጎታ ነዋ። ይኼን ለመጠየቅ እኔ መሞት ነበረብኝ?» አለችው።

እንግዲህ ልጄ፣ ለድርጅታችሁ ድረ ገጽ ጽሑፍ ማስተዳደሪያ የትኛው ዳታቤዝ ይሻላል ብለህ ጠየቅኸኝ። መልሴን ሳትጠብቅም የአንድ ትልቅ ኩባንያ ስም ጠርተህ፣ እነሱ የሚጠቀሙበትን ልታስገባ መቁረጥህን ነገርከኝ። ባለጠጋው እሱ ነው። ዳታቤዙን በስብሰባ ላይ ሲያወድሱት ሰማህ፤ ቀን ከሌት የሚጠብቁትን ባለሙያዎች፣ ለዕለት ሥራቸው ለብቻ ያስቀመጡትን ሌላውን ዳታቤዝ ግን አላሳዩህም። የእናንተ እህል ጽሑፍና ፎቶ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይገባል፣ ይታረማል፣ ይነበባል። ሲበላሽ የሚወርድላችሁም አንድ ባለሙያ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ነውና ፈቃድ ይወጣል። ጉድጓድ ክፉ ነው አላልኩህም፤ ለሚከርም እህል ከእሱ የሚሻል የለም። አንተ ግን ስም ከመምረጥህ በፊት፣ ድረ ገጹ ላይ ጽሑፍ የምታወጣዋን ልጅ ሄደህ አማክራት። እኔን መጠየቅህ ደግ ነው፤ እኔ ግን የእናንተን ጎታ አንድ ቀንም አልከፍተውም።