ዳገት አልሆንም ያለው ፎም

ተረት ነውና ፎም ይናገራል፣ ፍየልም ትከራከራለች። ሰዓቱና ልኬቱ ግን ትክክል ነው።

ድሬዳዋ፣ አሮጌው የሐዲድ ማቋረጫ አጠገብ፣ ደግፌ የሚባል ጡረተኛ ባቡር ነጂ ነበር። የፈለገው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የምትዞረው የመጫወቻ ባቡር ዳገት እንድትወጣ። ሠላሳ ዓመት ረዳቱ የነበረው አቦኮር በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ጅቡቲ፣ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ነው። የሚመለስም አይመስልም።

«ሳልሄድ ስትወጣ ልያት» አለ አቦኮር፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ።

ደግፌ ከአይስክሬም ቤት የማቀዝቀዣ ክፍል ግድግዳ የተረፈ ጠንካራ ፎም ነበረው። ቀላል ነው፣ በቢላ ይቀረጻል። ለአንድ ሜትር ርዝመት ሦስት ሳንቲሜትር ከፍታ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ባቡሯ ትንሸራተታለች።

«ፎም፣ ዳገት ሁንልኝ።»

«አልሆንም። የእኔ ሥራ ሙቀት መከልከል ነው። ባቡር መሸከም ውሌ ላይ የለም።»

ወደ ቢላው ሄደ። «ቢላ፣ ፎሙን ቁረጥ፤ ፎሙ ዳገት አልሆንም አለ።»

«ዶልድሜያለሁ። በዶለዶመ ቢላ ፎም እንደ ፈንድሻ ይበተናል። ስሜን አላጠፋም።»

ወደ መሳያው ድንጋይ ሄደ። «ድንጋይ፣ ቢላውን ሳል፤ ቢላው ፎሙን አልቆርጥም አለ፣ ፎሙ ዳገት አልሆንም አለ።»

«ደርቄ አልስልም።»

ወደ በርሜሉ ውሃ ሄደ። «ውሃ፣ ድንጋዩን አርስ፤ ድንጋዩ ቢላውን አልስልም አለ፣ ቢላው ፎሙን አልቆርጥም አለ፣ ፎሙ ዳገት አልሆንም አለ።»

«ውጪው ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው። ብወጣ እተናለሁ።»

ወደ ፍየሏ ሄደ። «ፍየል፣ ውሃውን ጠጪው፤ ውሃው ድንጋዩን አላርስም አለ፣ ድንጋዩ ቢላውን አልስልም አለ፣ ቢላው ፎሙን አልቆርጥም አለ፣ ፎሙ ዳገት አልሆንም አለ።»

ፍየሏ ከማቋረጫው ዘበኛ ከጅብሪል እግር ሥር የጫት ትርፍራፊ ትለቅማለች። «ገራባ ትቼ ውሃ?» አለች።

«ጅብሪል፣ ፍየሏን አባር፤ ፍየሏ ውሃውን አልጠጣም አለች፣ ውሃው ድንጋዩን አላርስም አለ፣ ድንጋዩ ቢላውን አልስልም አለ፣ ቢላው ፎሙን አልቆርጥም አለ፣ ፎሙ ዳገት አልሆንም አለ።»

«አቦ ተወኝ» አለ ጅብሪል ጉንጩን በጫት እንደሞላ። «በርጫ ላይ ነኝ። የምነሳው ባቡር ሲመጣ ነው።»

በዚያ ማቋረጫ ባቡር ካለፈ ዓመታት ሆኗል። ሥራህ አብቅቷል ብሎ ለጅብሪል የነገረው ሰው ግን የለም።

ደግፌ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

«አንተም ጃጀህ» አለ አቦኮር። «ባቡር ነው የሚፈልገው? ይምጣለታ።» ሁለት ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከቶ እንደ ባቡር አፏጨ። ሁለት ረዥም፣ አንድ አጭር።

ጅብሪል ዘሎ ተነሳ። ወደ ማቋረጫው ሲሮጥ ፍየሏን አባረረ፣ ፍየሏ ደንግጣ ውሃውን ልትጠጣ ሮጠች፣ ውሃው መጠጣት ፈርቶ ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ፣ ድንጋዩ ቢላውን ሳለ፣ ቢላው ፎሙን ቆረጠ፣ ፎሙም ዳገት ሆነ።

«በነጭ ኮላ ለጥፈኝ፣ እስኪደርቅ በስፒል ያዘኝ» አለ ፎሙ። «ማስቲሽ እንዳታስጠጋኝ፣ ይበላኛል።»

ደግፌ እንደተባለው አደረገ። ውጪ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። ጅብሪል የማቋረጫውን እንጨት አውርዶ፣ የጅቡቲውን አውቶቡስ በደግፌ በር ላይ አቁሞታል።

«አባባ፣ ባቡሩ የታለ?» አለ ሾፌሩ።

«ፊሽካ ሰምቻለሁ። ባቡር ሳያልፍ አይከፈትም።»

ደግፌ ማብሪያውን ተጫነ። ባቡሯ ዳገቱን ጀመረች፣ መሃል ላይ ዘገየች። አቦኮር ወንበሩን ጨብጦ «ነይ፣ ነይ» አላት። ወጣች። ዞራም ወረደች።

ደግፌ በመስኮት ብቅ አለ። «ጅብሪል፣ ባቡሩ አልፏል።»

«ስንት ፉርጎ?»

«ሦስት።»

ጅብሪል ረክቶ እንጨቱን አነሳ። አቦኮርም ሻንጣውን ይዞ፣ በሩ ላይ የቆመው አውቶቡስ ውስጥ ገባ።