የዘርፌ አህያና የዳኛዋ መጥሪያ

ከአንዲት አህያ ተነሥቶ ዳኛ ፊት የደረሰ ነገር ላውጋችሁ፤ ስሙኝ።

ዘርፌ ባሏ የሞተባት፣ ውኃ በአህያ እየጫነች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ነበረች። አንድ ቀን አህያዋ ጠፋች። ፈልጋ ፈልጋ ባለወፍጮው ሲራክ ግቢ ታስራ አገኘቻት።

«አቶ ሲራክ፣ አህያዬን ይልቀቁልኝ።»

«ያንቺ ለመሆኗ ምስክር አምጪ!»

ሲራክ አልለቀቀም፣ አህያዋም አልመጣችም።

ዘርፌ ጎረቤቷ ጋሽ ቢተው ዘንድ ሄደች። «ጋሼ፣ አህያዬ ስትወለድ አይተዋል። ይመስክሩልኝ።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «ልጄ ካልፈቀደች አልችልም።»

ቢተው አልመሰከሩም፣ ሲራክ አልለቀቀም፣ አህያዋም አልመጣችም።

ልጃቸው ትርንጎ ሲራክ ወፍጮ ቤት ነው የምትሠራው። ዘርፌ ሄዳ ብትለምናት፣ «እት ዘርፌ፣ እውነቱ ጠፍቶኝ አይደለም። አባቴ ከመሰከረ ግን ሲራክ ያባርረኛል። ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ብላ አለቀሰች። ዘርፌም አብራት አለቀሰች።

ትርንጎ አልፈቀደችም፣ ቢተው አልመሰከሩም፣ ሲራክ አልለቀቀም፣ አህያዋም አልመጣችም። ዘርፌ ውኃውን በጀርባዋ ተሸከመች።

ወገቧ ሲከዳት ፍርድ ቤት ሄዳ ከሰሰች። «ምስክሬን ጥሩልኝ» ብትል ጸሐፊው፣ «ዳኛ ሳያዝዝ መጥሪያ አልጽፍም» አላት።

ጸሐፊው አልጻፈም፣ ትርንጎ አልፈቀደችም፣ ቢተው አልመሰከሩም፣ ሲራክ አልለቀቀም፣ አህያዋም አልመጣችም።

ተራዋ ደርሶ ዳኛዋ ፊት ቆመች።

«ምስክርሽ ለምን አልመጡም?»

«ፈርተው ነው፣ ክብርት ዳኛ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እባክዎ እንዳይቆጧቸው።»

 ዳኛዋም፣ «አቶ ቢተው ቀርበው ይመስክሩ። ካልቀረቡ ፖሊስ ያቅርባቸው» ብለው አዘዙ።

ዳኛዋ ቢያዝዙ ጸሐፊው ጻፈ። ጸሐፊው ቢጽፍ ትርንጎ ወረቀቱን ይዛ ሲራክ ፊት ቆመች፦ «ያዘዘው ፍርድ ቤት ነው፤ አባቴ ምን ያድርግ?» ሲራክ ወረቀቱን አይቶ ወደ ወፍጮው ተመለሰ። ትርንጎ ብትፈቅድ ቢተው ቀርበው ማሉ።

«ውርንጭላ ሳለች ጅብ ግራ ጆሮዋን ቦጨቃት። ቁስሏን በነጠላዬ ቅዳጅ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። አህያዋ የዘርፌ ናት።»

ጆሮዋ ታየ፤ እንዳሉት ሆነ። ቢተው ቢመሰክሩ ሲራክ ለቀቀ፣ ሲራክ ቢለቅ አህያዋ መጣች!

ዘርፌ የጋሽ ቢተውን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ሽማግሌው ክንዷን ይዘው አነሷት።

«ተይ ልጄ፣ ይልቅ ይቅር በይኝ» አሏት። «መጥሪያው የመጣ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ደነገጠ። እኔ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ እህል የተዋጠልኝ ያን ቀን ነው።»